አባቴና የወር ኪራዩ ጌም

አባቴ ኪራይ የሚባል ነገር ሲነሳ ፊቱ ይጠቁር ነበር። ከጋሞ ወደ ሽሮ ሜዳ የመጣው ገና በጉርምስናው ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሸመነው በኪራይ የሽመና ዕቃ፣ በሰው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ነው። አንድ ቀን የዕቃው ባለቤት በሆነ ነገር ተቆጥቶ፣ ግማሽ የደረሰ ኩታውን እዚያው ትቶ እንዲወጣ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ተከራይቶ አያውቅም። ታላቅ እህቴ ስትዳር ለሰርጉ ወንበር ተከራይ ቢሉት እምቢ ብሎ የፕላስቲክ ወንበር ገዛ። ሰርጉ አለቀ፣ እንግዳው ተበተነ፣ ወንበሮቹ ግን የት ይግቡ? ለዓመታት በየግድግዳው ተደርድረው ቤታችን የእድር ስብሰባ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚህ ስትነዘንዘው ኖረች።

እናቴ ካረፈች በኋላ ቁስቋም ሥር ባለው ቤታችን ሁለታችን ብቻ ቀረን። እኔ ለሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቆች ጥለት በኮምፒውተር እየሳልኩ ቤት እውላለሁ፤ እሱ ከጓሮው ክፍል ይሸምናል። ከዚያ ጉበቱ ታመመ። ሆዱ እያበጠ ሲሄድ ጉድጓዱ ውስጥ መቀመጥ አቃተው።

እኛ አገር ሐኪም ክፉውን ነገር ለታማሚው አይነግርም። እኔንም ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ጠርቶ ነው የነገረኝ። ፊቴን ታጥቤ ወደ አባቴ ተመለስኩና «ምንም አይደለም፣ መድኃኒቱን በደንብ ውሰድ ብሏል» አልኩት። ጠያቂ የመጣ ዘመድ ሁሉ «ትድናለህ፣ ምን ሆነህ!» ይለዋል። እሱም «አሜን» ይላል። እኔ ውሸታችን የሠራ መስሎኝ ነበር።

ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ጣቶቹ ግን አያርፉም፤ የብርድ ልብሱን ጫፍ ይፈትላሉ። ይሄን ማየት አልቻልኩም። ለሥራ የማልጠቀምበት አሮጌ ኮምፒውተሬ ላይ ድሮ የገዛሁት፣ መንደር የሚቆረቆርበት ጌም ነበረኝ። ስክሪኑን አልጋው አጠገብ አምጥቼ ጆይስቲኩን ሰጠሁት። መጀመሪያ «የልጅ ነገር!» ብሎ ሳቀብኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን ምሳ ቀርቦለት «ቆይ፣ ይሄን ጣራ ልጨርስ» ማለት ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ለጌሙ ማስፋፊያ ወጣ፤ ተጫዋቾቹ ኤክስፓንሽን የሚሉት። የሽመና ቤት ያለው ነው። ጥጥ ይዘራል፣ ይፈተላል፣ ድር ይዳወራል፣ ይሸመናል። ለአባቴ ብለው የሠሩት መሰለኝ። የሚሸጡት በሁለት መንገድ ነው። ወይ ወር በወር ትከፍላለህ፤ ወሩ ሲያልቅና ሳታድስ ስትቀር ይዘጋብሃል፣ የሠራኸው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወይ አንዴ ትገዛለህና የዘላለም ያንተ ነው።

በኛ ባንክ ካርድ ስለማይከፈል፣ አዲሱ ገበያ ያለ፣ የስልክ መሸፈኛ እየሸጠ በውጭ ካርድ ለሰው የሚከፍል ነጋዴ ዘንድ ሄድኩ። ትሁት ሰው ነው።

«ለስንት ወር ነው የምትፈልጊው እህቴ?» አለኝ።

የተሰቀሉትን መሸፈኛዎች መቁጠር ጀመርኩ።

«ማለቴ... ከግማሽ ዓመት በላይ የምትጫወቺበት ከሆነ መግዛቱ ያዋጣሻል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን በቃ፣ በወር ይሁንልሽ። ምን አስጨነቀሽ?»

ሰውየው ለማን እንደሆነ አያውቅም። ቢሆንም በዚያች ቅጽበት ሱቁን ከነመሸፈኛው ብገለብጠው ደስ ይለኝ ነበር። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ማታውን አልጠበቅኩም፤ እንደገባሁ ለአባቴ ሁሉንም አስረዳሁትና «እንገዛዋለን» አልኩት።

«በወር ይሁን» አለኝ።

ሳቄ መጣ። «አንተ? ወንበር አልከራይም ያልከው ሰውዬ?»

እሱ አልሳቀም። ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

«ሐኪሙ ምን እንዳለሽ አልጠይቅሽም፤ አንቺም አትንገሪኝ። ግን ልጄ፣ ጋቢ የሚያህል ጊዜ የለኝም። ነጠላ የሚያህል ነው ያለኝ። በወር ይሁን።»

ማድ ቤት ገብቼ፣ የታጠበውን ዕቃ ሁሉ እያንኳኳሁ እንደገና አጠብኩ። የተናደድኩት በማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ለካ ያንን ሁሉ «አሜን» ሲል የነበረው ለኛ ብሎ ነው። በማግስቱ ሄጄ የአንድ ወር ከፈልኩ።

እውነቱን ለመናገር የኪራዩ ወራት ደጎች ነበሩ። ማስፋፊያው እንደተከፈተ መጀመሪያ ያደረገው መሳደብ ነው። «ይሄን የሠራው ፈረንጅ፣ ሸማኔ አይቶ አያውቅም! ጉድጓድ የለ፣ እግሩን የት ሊያደርገው ነው?» መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ድምፁ አይጥመውም። ጥለቱ ላይ ግን አፉ ተያዘ። ጠርቶኝ «ነይ እዪው፣ ይሄስ ቀለም ለፋሲካ ይሆናል» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አይረሳም። ወር በገባ ቁጥር «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ድር የሚያዳውረው በዚያ ወር የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ኩታውን ቆርጦ፣ አጥፎ፣ ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ዕቃውን ባዶ አድርጎ ይወጣል። እንደማድስለት እያወቀ ለምን እንዲህ እንደሚቸኩል ጠየቅኩት።

«በሰው ዕቃ ላይ ድር ጥዬ አልሞትም» አለኝ።

ሆዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ለሁለተኛ ጊዜ ካስቀዳን በኋላ፣ አንድ ጠዋት የወሩን ኩታ ቆርጦ አጠፈና «የሚቀጥለውን አታድሺው» አለኝ። ወተት ይበቃናል እንደሚል ሰው ነው የተናገረው፣ በተረጋጋ ድምፅ። እኔ ግን ጮህኩበት። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው አልኩት፤ ለኔ አታስብም አልኩት፤ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኩት። ነጠላዬን ጎትቼ ወጣሁና ታክሲ ይዤ አዲሱ ገበያ ወረድኩ።

«ሙሉ ግዢውን» አልኩት ነጋዴውን።

«ወደድሽው ማለት ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«አዎ» አልኩት።

ቤት ስመለስ አባቴ እንደተውኩት ተቀምጧል። «ገዛሁት። ያንተ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይዘጋብህም» አልኩት። ገንዘብ አባከንሽ ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። አልተቆጣም። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋና «አምጪው እስቲ» አለኝ።

ያሸነፍኩ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ በወዲያኛው ክፍል ጥለቴን ስስል የጆይስቲኩ ጠቅ ጠቅታ ይሰማኛል። ማድ ቤት ሆኜም ይሰማኛል። እህቴ በስልክ ስትጠይቀኝ «እየተሻለው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲጫወት ነው የሚውለው» እላታለሁ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ በሕክምና አታንገላቱት ሲለኝ «እርስዎ ቤት መጥተው ቢያዩት እንዲህ አይሉም ነበር» ብዬ መለስኩለት። አንዳንዴ ጠቅታው ይቋረጣል። «አባዬ?» እላለሁ። ወዲያው ይቀጥላል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አረፈ።

ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ ቤቱ ዝም ሲልብኝ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከገዛሁት በኋላ የጀመረውን ኩታ ማየት ፈልጌ ነበር። ረጅም ይሆናል ብያለሁ፣ ጋቢም ይሆናል። ሳጥኑን ከፈትኩት። በኪራዩ ወራት የተቆረጡት ኩታዎች ታጥፈው ተቀምጠዋል፤ ሌላ የለም። ዕቃው ላይ አንዲት ክር እንኳ የለችም። ጥጥ አልተዘራም፣ ድር አልተዳወረም። በዚያ ጌም ውስጥ ሰው ደጋግሞ የረገጠው ሣር ይደርቃል። በሽመና ቤቱ ዙሪያ አንድ ቀጭን መንገድ ክብ ሠርቶ መሬቱ ፈጦ ወጥቷል። ጣቱ እያበጠ፣ እያመመው፣ እኔ ማድ ቤት ሆኜ እንድሰማው ብሎ የጌሙን ሰውዬ በባዶው ቤት ዙሪያ ሲያዞረው ነበር የሚውለው።