የጾም ቦንቦሊኖ

አብተው ልብስ ሰፊ ነው። አዳማ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ ኖሯል። ቀኝ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል፤ ግራው ብቻውን ይታገላል። ሞራውን ሊገፍፉለት ሐኪሞች ቀን ቆርጠውለት ነበር፤ የደሙ ስኳር ካልወረደ ግን ዓይኑን አይነኩትም። ዓይኑ ከጠፋ ደግሞ መርፌው ጠፋ፣ እንጀራውም ጠፋ።

ጭንቁ የጀመረው ባለፈው ክረምት፣ የሱቁ ባለቤት ሞተው ልጃቸው ባጫ ከወረሰ በኋላ ነው። ባጫ ክፉ ሰው አይደለም። በሳምንት አንዴ በሩ ላይ ይቆምና፣ በኦሮምኛ ሰላምታው «አከም ጋሼ! ያቺን ነገር አንድ ቀን እንነጋገራለን» ብሎ ይሄዳል። ያቺ ነገር ሱቁን ልቀቅ ማለት እንደሆነች ሁለቱም ያውቃሉ። አብተው «እሺ ልጄ» ይላል። ባጫ ጥጉን ሳይዞር የአብተው እጅ መሳቢያው ውስጥ ነው።

እዚያ ከክሩና ከቁልፉ መሃል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቦንቦሊኖ አለ። የምትጠብሰውና በየቀኑ የምትሸጥለት ጎረቤቱ ሰሊማ ናት፣ የወሎ ሴት። ይጎርሳል እንጂ አያጣጥመውም። ዘይቱ በአገጩ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው ይከተላል። አምስተኛው ላይ ሆዱ ተወጥሮ ራሱን ይጠየፋል። ስድስተኛውንም ይበላዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ በጾሙ ይኮራል። የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም። ከዘጠኝ በኋላ ያለው ቦንቦሊኖ ዱቄትና ዘይት ነው፤ ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። የጾም ምግብ ማንን ጎድቶ ያውቃል?

ሐኪም ቤት ነርሷ ተሻለች ጣቱን ወግታ፣ «አባባ፣ አመጋገብዎ እንዴት ነው?» አለችው።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ ቀና ብሎ።

«ታዲያ ይሄ ሦስት መቶ አርባ ከየት መጣ? ጾሙ ወለደው?»

ወረፋ ጠባቂዎቹ ሳቁ። ቀጠሮው ለሁለተኛ ጊዜ ተሰረዘ። ተሻለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሦስተኛ ጊዜ እንዲህ ከመጡ ተራዎ ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለችው።

ሱቁ ገብቶ ለጥር ሠርግ የታዘዘውን ነጣ ያለ ሱፍ ጭኑ ላይ ዘረጋ። መስፋት አልቻለም። መሳቢያውን ሳበ። የትናንቱ ቦንቦሊኖ ቀዝቅዞ፣ ዘይቱ ረግቶ፣ የክር ብጥስጣሽ ተጣብቆበታል። አየው። እያየው ከነክሩ ጎረሰው። ክሩ ጉሮሮው ላይ ተያዘና አነቀው፤ ያላመጠውን ሁሉ ሱፉ ላይ ተፋው።

ሰሊማ ሳሉን ሰምታ እየሮጠች ገባች። «ጋሽ አብተው! ምን ነካዎት?»

«ስኳር አለብኝ» አላት፣ አፉን በእጅጌው እየጠረገ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመት ሆነኝ።»

ሰሊማ ሱፉን አየች፣ አገጩን አየች። «አራት ዓመት! በየቀኑ ስሸጥልዎት ዝም ብለው? በእኔ እጅ ሊሞቱ ነው ያሰቡት? አላህ የሚጠይቀው እኮ እኔን ነው! ቀፈፉኝ!» ጥቅሉን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወጣች።

አብተው ሱፉን ሦስት ጊዜ በሳሙና አሸው። ነውሩ ግን ከእጁ የለቀቀ አልመሰለውም።

በማግስቱ ባጫ መጣ። «አከም ጋሼ! ያቺን ነገር...» አብተው እጁን ወደ መሳቢያው ሰደደ፤ ከመርፌ በቀር ምንም የለም። ምራቁ አፉን ሞላው። የሚሸሽበት አጥቶ ቀና አለ።

«ና ግባ ባጫ። የምለቅበትን ቀን ዛሬውኑ ቁረጥልኝ። በየሳምንቱ አትግደለኝ።»

ባጫ አንገቱን አከከ። «ከፋሲካ በኋላ ቢሆንስ ጋሼ?»

«ይሁን።»

ባጫ ሲሄድ የአብተው መንጋጋ ባዶውን ያኝክ ነበር። ግድግዳውን በመቀሱ መታ። «ሰሊማ! አንዲት ብቻ!»

«ወንድ ከሆኑ ይምጡና ከእሳቱ ያውጧት!» አለች ከግድግዳው ማዶ።

ተሳድቦ ውሃ ጠጣ። እንዲህ እየተሳደበ ሦስት ሳምንት ከረመ።

ተሻለች እንደገና ጣቱን ወጋችው። መቶ ስልሳ። ስሙን ማክሰኞ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ከሚገቡት ጋር ጻፈችው። ደስታ ቢጤ ጠብቆ ነበር፤ አልመጣም። ሲመለስ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ የጋለ ዘይት ሸተተው። ቀፈፈው፣ ምራቁም ሞላ፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። አስፋልቱ ላይ እንትፍ ብሎ መንገዱን ተሻገረ።