ቀይ የነበረው ብስክሌት

ትናንት የስፖርት መምህሩ አዲስ ብስክሌት እየገፋ ኮኪት ወዳለችው ጋራዤ መጣ። ወፍራም ጎማ ያለው፣ ለዳገት የተሠራ ብስክሌት ነው። «ጋሼ፣ ለውድድር ነውና ቀለል ያድርጉልኝ። ቀለሙንስ ብንፍቀው ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ቀለሙን የነካህ እንደሆነ ከዚህ ደጅ እንዳላይህ!» ብዬ ጮኽሁበት። ደንግጦ ብስክሌቱን ይዞ ወጣ። እሱ ምን ያድርግ፣ የኔን ጉድ በየት ያውቃል።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ሙላት ነው፤ አያ ሙላት እለዋለሁ። ሦስት ክረምት ሱዳን፣ ገዳሪፍ እየተሻገረ የሰው ሰሊጥ ሲያርምና ሲያጭድ፣ ወባ ሁለት ጊዜ ጥሎት ሲነሳ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ ቀይ ብስክሌት ይዞ በመተማ ዮሐንስ ገባ። ቀረጡን ከፍሏል፤ የሻንሲ ቁጥሩ የሰፈረበትን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሏል። ደግሞ እንዴት ያለ ቀይ ነበር መሰላችሁ! እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በጨርቅ ይወለውለዋል። ማሽላ ጭኖ ወፍጮ ቤት ሲሄድ እንኳ ቀለሙ እንዳይጫር ከሥር ጆንያ ያነጥፍለታል።

ጎንደር ላይ ለተራራ ብስክሌት ጋላቢዎች ሊመረጡ ነው የሚል ወሬ የመጣው በጥቅምት ነው። የተመረጠ እዚያው እየኖረ፣ እየበላ ይሠለጥናል ተባለ። ከዚያ ከሚጠብስ ማሳ የሚያወጣኝ መንገድ ተገኘ ብዬ ልቤ ቆመ። አያ ሙላትን ስለምነው የወይካ ወጡን በማሽላ እንጀራ ጠርጎ ጨረሰ። ከዚያ «ውሰደው» አለ። «ብቻ ወረቀቱንና ብስክሌቱን እንዳትለያይ። እዚህ አገር ያለ ወረቀት ሰውም ብረትም ሌባ ነው።»

በማግስቱ እሱ ለአጨዳ ማሳ ወረደ፤ እኔ መፍቻ አነሳሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ደህና ሥራ ነበር። ፓራፋንጎውን ፈታሁ፤ የቆላው ዋልካ ጭቃ በጎማና በፓራፋንጎ መካከል ገብቶ ሲደርቅ ብስክሌት እንደ በሬ ቆሞ የሚቀረው በእሱ ምክንያት ነውና። የኋላውን መጫኛ፣ ደወሉን፣ መብራቱን፣ ማቆሚያውን አወለቅሁ። ኮርቻውን እግሬ ተዘርግቶ እንዲረግጥ ከፍ አደረግሁት። ሰሊጥ ገዢው ጋ ወስጄ ሚዛን ላይ ባወጣው አራት ኪሎ ቀንሷል። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ግን የወጣት ነገር፣ ልክ አያውቅም። አንዱ መካኒክ ነኝ ባይ «ቀለምም ይከብዳል» አለኝ፤ አመንሁት። ሁለት ቀን ሙሉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያንን ቀይ ቀለም ላጥሁት። ከፔዳሉ ሥር ያለውን የብየዳ እብጠት ስሞርድ የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ነበር። አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም። አይቼው ሞረዱን አስኬድሁበት። መልሼ ብመዝነው ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ወንድሜ ከማሳ ሳይመለስ፣ ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከትቼ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

መንገድ ላይ ካለው ኬላ ስንደርስ ብስክሌቱን ከአውቶቡሱ ጣራ አወረዱት። ፈታሹ ጠጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ወረቀቱን አነበበ፤ ብስክሌቱን ገልብጦ አየ።

«ልጄ፣ ቁጥሩ የታለ?»

«ፋቅሁት።»

«ለምን?»

«እንዲቀለኝ ብዬ።»

ዙሪያውን የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ መንገድ የሻንሲ ቁጥር የሚፋቀው ለስርቆትና ለኮንትሮባንድ ነው፤ ማን ይመነኝ! ሰውየው ግን አልሳቀም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀትህ ቁጥር አለው፣ ብረትህ የለውም። ባለቤቱ መጥቶ የኔ ነው ብሎ ይማልና ይፈርም፤ እለቅልሃለሁ። እስከዚያ አንተም እዚሁ ትቆያለህ» አለኝ። ምርጫው በሦስተኛው ቀን ነበር፤ አያ ሙላት ቶሎ ከመጣ እደርሳለሁ። በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ላክሁበት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ደረሰ። አጨዳውን ጥሎ ነው የመጣው፤ ያልተሰበሰበ ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይጠብቅም፣ ይረግፋል። «አያ ሙላት፣ ማልልኝና ልሂድ!» ብዬ ሮጥሁ። እሱ ግን ብስክሌቱን ሁለት ጊዜ ዞረው። ቁጢጥ ብሎ በጣቱ የተላጠውን ብረት ዳሰሰ።

«አቶ ሙላት፣ ይህ ብስክሌት የእርስዎ ነው? ይምላሉ?» አለው ፈታሹ።

«የእኔ ቀይ ነበር» አለ ወንድሜ። «ይኸን አላውቀውም።»

«አያ! እኔ ነኝ እኮ የፋቅሁት!»

ዞርም ብሎ አላየኝ። «ለልጁ ዋስ እሆናለሁ፤ ወንድሜ ነው። ለማላውቀው ብረት ግን በሚካኤል ስም አልምልም» ብሎ ለእኔ ብቻ ፈረመ።

ብስክሌቱ እዚያው ቀረ። ወደ ኮኪት በሚመለስ ባዶ የጭነት መኪና ላይ አቧራ እየጠጣን ተመለስን። ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ። ፊቴን አዙሬ በላሁ። ምርጫው አለፈ፤ ጎንደርም ቀረች። በዓመቱ ከቤቱ ወጣሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «ወንድሜ በኬላ ካደኝ» እያልሁ አወራሁ።

አሁን አያ ሙላት የሚኖረው አብርሃ ጅራ ከተማ ነው፤ ሽበት ወርሶታል። በፋሲካ እንገናኛለን፣ እንሳሳማለን፣ ከሥጋው ደህና ደህናውን ወደ እኔ ይገፋል። በእርግጥ አላወቀው ይሆን ወይስ አውቆ ጨከነብኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ሳመነዥግ ኖሬያለሁ። ትናንት መምህሩን አባርሬ ብቻዬን ስቀመጥ ነው ሌላው ነገር የታየኝ። ሦስት ክረምት የለፋበትን ንብረት በሁለት ቀን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ። ይቅርታ ብዬው አላውቅም። ባገኘሁት ሰው ፊት ሁሉ አማሁት፤ እሱ ግን አንድም ቀን «ብስክሌቴን» አላለኝም።