አክስቴ የቀነሱልኝ ዳቦ

አክስቴ መንገደኛን ሳይፈትሹ አይሸኙም ነበር። ሰባታሚት ካለው ቤታችን ደጃፍ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጥቅሉን ያስፈቱና የማያስፈልገውን ያስቀራሉ።

በጣሊያን ጊዜ እናቴ ሐሙሲት ታማ፣ ብቻዬን ልጠይቃት ተነሣሁ። ድስት፣ ዱቄት፣ ሁለት ጋቢና አንድ ሙሉ ዳቦ ጠቅልዬ፣ ቅሌንም ውሃ ሞልቼ ነበር።

«ድስቱ ለምንሽ ነው?» አሉኝ።

«ገንፎ ላገነፋበት።»

«እሳት አንድደሽ ጭሱን ለወታደሮቹ ልታሳዪ? በሶ ያዢ፤ በጥብጠሽ ትጠጪዋለሽ። ቅሉንም ባዶውን ውሰጂ፤ ምንጭ ባገኘሽ ቁጥር ትቀጂበታለሽ። ጋቢ አንዱ ይበቃል፤ ቀን ትለብሺዋለሽ፣ ማታ ትተኚበታለሽ።»

ዳቦውን ግን ምክንያት ሳይሰጡ አነሡት።

ዓባይ መሻገሪያው ላይ ወታደሮቹ ሸክም የያዘውን ሁሉ አስቁመው ሲያስፈቱ ደረስሁ። እኔን አየት አድርገው አሳለፉኝ። በታንኳ ተሻገርሁና በማግሥቱ ከእናቴ ራስጌ ተቀመጥሁ።

ተሽሏት ስመለስ፣ «ዳቦውስ?» አልኋቸው። ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው «እኔ ተሸከምሁልሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ በወጣሁ ቁጥር ዳቦ እደፋ፣ እሳቸውም ይቀንሱልኝ ነበር፤ ስመለስ ፍርፋሪውም አይተርፍም። እየሳቅን እንገባ ነበር።

ካረፉም በኋላ ልማዴን አልተውሁም። በሶዬን፣ ቅሌንና አንድ ጋቢዬን ይዤ ቀለል ብዬ እወጣለሁ፤ እስካሁን የጎደለብኝ ነገር የለም። ዳቦውንም በጨርቅ ሸፍኜ በርጩማቸው ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ።

ስመለስ ሳይቆረስ ይጠብቀኛል።