የቀደድኩት የልጄ ድምፅ

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለምን እንዳልነገርኳቸው ኋላ እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ያደረግኩትን ስሙ። የልጄን የምርጫ ድምፅ ቀድጄ ጣልኩ። እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለም።

ስድስት ዓመት ሆነው። ለምንኖርበት ስቴት ገዥነት ከሚወዳደሩት አንዱ ባል ያለው ወንድ ነበር። አልደበቀም፤ ቲቪ ላይ ከባሉ ጋር ቆሞ ምረጡኝ ይላል። እኔ ኬንት ከተማ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እኛ ሐበሾቹ አንድ ጠረጴዛ ነን።

«እሱ ከገባ ቀዳማዊት እመቤታችን ጺም ሊኖራት ነው» አለች እትዬ ዘነበች።

«ምን ችግር አለው፣ ጠዋት ጠዋት ትላጨዋለቻ» አልኩ እኔ።

ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ለምን? ቤቴ ያለችውን ልጅ ስለማውቃት ነዋ። ሳሮን ከዚያች ከሴት ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ድምጿ እንዴት እንደሚለሰልስ ሰምቻለሁ። እናት አታውቅም? ያ ጠረጴዛ ነገ በእኔ ልጅ ሲስቅ ታየኝና ፈራሁ።

ሳሮን ገና አሥራ ስምንት ሞልቷት የመጀመሪያ ምርጫዋ ነበር። እዚህ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ እቤት ይመጣል፤ ተሞልቶ፣ ተፈርሞ፣ መንገድ ዳር ካለው ሳጥን ይጨመራል። «ማሚ፣ ክላስ አለኝ፣ ስትሄጂ ድሮፕ አድርጊልኝ» ብላ ኤንቨሎፑን ሰጠችኝ። ያንን ባል ያለውን ሰውዬ እንደመረጠችም ነገረችኝ። ስትነግረኝ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እሺ አልኳት።

ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር፣ ሳጥኑ አጠገብ መኪናዬን ፓርክ አደረግኩ። እጄ አልዘረጋ አለ። መጋዘኑ ድረስ ይዤው ሄድኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቀደድኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን አላወቅኩም አልልም። ሰውዬው ከወደቀ ልጄ የምትተወው መስሎኝ ነበር። ምኑን ነው የምትተወው? ራሷን?

ሰውዬው ወደቀ። ሳሮን አለቀሰች። «እንደኔ ዓይነቱን ሰው መቼም አይፈልጉም፣ ማሚ» አለችኝ። እንደኔ አለች። የነገረችኝ በዚያች ቃል ነው። እኔም በቀደድኩበት እጄ ጀርባዋን ደባበስኩ።

በማግስቱ ድምጿ እንዳልደረሰ ስልኳ ላይ አየች። «ድሮፕ አድርገሽው ነበር አይደል?»

በማርያም ብዬ ማልኩ። አመነችኝ። ምርጫ ቢሮው ደውላ ምንም ያላጠፉትን ሰዎች ጮኸችባቸው። እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

አሁን ታኮማ ትኖራለች። ማንነቷን ሳትደብቅ ለከተማው ምክር ቤት ልትወዳደር ነው፤ ከዚያ በላይም ታስባለች። ባለፈው እሑድ ፎቶዋ ያለበትን የቅስቀሳ ወረቀት ጥቅል አስታቀፈችኝ። «ለሐበሾቹ አንቺ አዳርሺልኝ፣ ካንቺ በላይ የማምነው ሰው የለም» አለችኝ። ስለ ጺሙ የሳቅንበት ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀምጠው ነው።

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው ለምን መሰላችሁ? ይቆጡኛል ብዬ አይደለም። «ደግ አደረግሽ» ቢሉኝስ? ያኔ ምን ይውጠኛል? ከእናንተም ደግ አደረግሽ የሚለኝ ካለ ምርቃቱን ለራሱ ያድርገው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የተቀደደው የእናንተ ድምፅ አይደለም። ይቅር የምትል እሷ ናት። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትረግመው ምርጫ ቢሮውን ነው።