ኖራ የተቀባው ምሽግ

«ቅዳሜ ማታ ምሽጉ ለሁሉም ሰው ክፍት ነው!» እያለ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት ባጃጅ በሰፈራችን ሲያልፍ ጮቤ ረገጥኩ። ዳንግላ ተወልጄ አድጌ፣ ያንን የብረት በር ከውጭ ብቻ ነው የማውቀው። ሮጬ ለአያቴ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን የሚጠግኑትን ልጓም አስቀምጠው «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን የሰማሁት። ጣሊያን የሠራው ያ ምሽግ በደርግ ጊዜ እስር ቤት ነበር። የአያቴ ታላቅ ወንድም እዚያ ገብተው አልወጡም። መቃብራቸው አይታወቅ፣ ፎቶ የላቸው። አብሯቸው ታስሮ የተፈታ ሰው ግን፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በሚስማር ፈረስ ስለው ነበር ብሎ ተናግሯል።

«የራሱ ፈረስ ናት፤ ጅራቷ አጭር ነበር። ሳያት አውቃታለሁ» አሉ አያቴ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በጋሪ ወጣን። አያቴ የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። ባለጋሪው «አባባ፣ ሰርግ አለ እንዴ?» አላቸው።

«አዎ፣ የወንድሜ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ደስታዬን የት ላድርሰው!

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው በአምፖል ደምቋል፣ ሕፃናት ፈንዲሻ ይዘው ይሯሯጣሉ። በስተግራ ወዳለው ክፍል ስንገባ ግን የኖራ ሽታ አፍንጫችንን መታው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች፣ ለፋሲካ እንደተሰናዳ ቤት፣ ነጭ ነው። አያቴ ከመስኮቱ ሥር ተንበርክከው በመዳፋቸው ይዳብሱ ጀመር።

«አባቴ፣ ልብስዎን ይነካብዎታል» አላቸው ጥበቃው።

«እዚህ ሥዕል ነበር።»

«ኧረ ስንቱ ነበር! ስም በሉ፣ መስቀል በሉ፣ ምኑ ቅጡ። እንግዳ ሊመጣ ነው ብለን የሰፈሩ ሰው ተሰብስበን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግነው። ካልተፈገፈገ ኖራው አይዝም።»

በኩራት ነው የሚናገረው። ምን ይፈረድበታል? እኛስ ቤት እንግዳ ይመጣል ሲባል መጀመሪያ የሚቀባው ግድግዳው አይደል?

«ፈረስ አላየህም፣ ልጄ?»

አሰበ። «እንጃ አባቴ። አቧራው ዓይን አያስገልጥም ነበር።»

አያቴ ወደ ግድግዳው ዞረው በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አዊኛዬ ደካማ ነው፤ ምን እንዳሉ ስጠይቃቸው «ተይኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ፈረሷም፣ ስለ ወንድማቸውም አንስተው አያውቁም። ልጓሙም እንደተቀመጠ ነው።

በስተቀኝ ያሉት ክፍሎች ገና አልተቀቡም። ለሚቀጥለው የክፍት በር ምሽት እነሱም ይፈገፈጋሉ። ተዉት ብዬ ብለምን «እንግዳ ቆሻሻ ውስጥ ይጠራል?» ነው የተባልኩት። ስለዚህ እኔ ልጥራችሁ። እዚያ ገብቶ የቀረ ሰው ያላችሁ፣ ምሽቱን አትጠብቁ፣ ቀን ላይ በሩን አንኳኩ፤ ጥበቃው ደግ ነው፣ ይከፍትላችኋል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ያዙ። ምን እንደምታገኙ አላውቅም። ብቻ ከብሩሹ ቀድማችሁ ኑ።