ክር የታሰረበት ጭልፋ

ንጉሡ ሳይወርዱ፣ ደብረ ማርቆስ መሀል ከተማ አንድ የቆየ የመኳንንት አዳራሽ ምግብ ቤት ሆኖ ነበር። ጣሪያው ቀርከሃ፣ ግድግዳው ላይ ጋሻና የቀንድ ዋንጫ የተሰቀለበት፤ ሰው ሊበላም ቤቱን ሊያይም ይመጣል። ወጥ ሠሪዋ እኔ ነበርኩ። ምላሴ ከእጄ የሚፈጥን፣ ማንም እንዲያርመኝ የማልወድ ሴት።

በፍልሰታ ሁለት ጭልፋ እንይዝ ነበር። መንገድ ለሚሠሩት ፈረንጆች ቅቤ የገባበት ወጥ ስለሚሠራ፣ የጾሙ ጭልፋ እጀታው ላይ ነጭ ክር ይታሰርበታል።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከደብረ ኤልያስ የመጡ የቅኔ መምህር ገቡ። ዱሮ ያስተማሩት፣ አሁን ሹም የሆነ ሰው ነው የጋበዛቸው። ሆቴል ገብተው በልተው አያውቁም። ሽሮውን ሳቀርብላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ጭልፋው የተለየ ነው?»

«ኧረ የኔታ፣ ምን ነካዎት! እዚህ ቤት ጾም አይገደፍም» አልኳቸው። ቆጣም ብያለሁ፣ ምን ልደብቅ።

ወደ ማድቤት ስመለስ ክር የታሰረበት ጭልፋ ደረቁን ተሰቅሏል። በጥድፊያ ሽሮውን የጨለፍኩት በቅቤው ጭልፋ ነበር። ክው አልኩ። ሮጬ ልናገር በሩ ድረስ ሄድኩ፤ የቤቱ እመቤት አጠገባቸው ቆማ ስታስተናግድ አየሁና እንጀራዬ ታየኝ። ፈራሁ፤ ተመለስኩ።

እጃቸውን ያስታጠብኳቸው እኔው ነኝ። ከሽሮው አንዴ ብቻ ጎርሰው፣ ከዚያ ደረቅ እንጀራ ነው የበሉት። ውኃው ካለቀ በኋላም እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። አልበቃቸውም ብዬ ማንቆርቆሪያውን ሞልቼ መጣሁና ደገምኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ጾሙ እስኪፈታ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። በመጨረሻ ደብረ ኤልያስ ድረስ በእግሬ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ገና አፌን ሳልከፍት አነሱኝ።

«በመጀመሪያው ጉርሻ አውቄዋለሁ ልጄ። እጅማ ይስታል። ያን ጊዜ እጄን ዘርግቼ የቆየሁት ግን ውኃ ሽቼ አልነበረም፤ ትነግሪኝ እንደሆን ብዬ ነው።»

ያን ዕለት ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ! አንዲት ቃል ሲጠብቁኝ፣ እኔ ውኃ ጨመርኩላቸው።