በበረንዳው ጥግ የነበረው ጉድጓድ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። የፊት ጥርሴ የወለቀበትና ታናሽ እኅቴ የተወለደችበት ሰሞን ነበር፤ ዝናቡ ካበቃ ሰንብቷል፣ ኅዳር ሳይሆን አይቀርም። ትዝ ያለኝ ሰሞኑን ነው። ልጄ «አባዬ፣ ደረጃ መውጣቱ ይቅርብዎ» ብላ፣ የሲሚንቶ በረንዳዋን ዘግታ መኝታ ልትሠራልኝ ግንበኞች አመጣች። የእርጥቡ አፈር ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እንደዚያን ጊዜው ወደ በረንዳዋ ጥግ ዞሬ አየሁ።

ያኔ ቤታችን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ደንገል ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባቴ በፋብሪካ ደመወዙ ያስለሰናት የሲሚንቶ በረንዳ ነበረችን፤ ፀሐይ ስትመታት እግር የምታሞቅ፣ ብይ የምንጫወትባት። ሕፃኗ ስትመጣ ቤቱ ጠበበና አባቴ «በረንዳውን በጭቃ ግድግዳ እንዘጋውና ወንዶቹ እዚያ ይተኛሉ» አለ። እናቴ ደስ አላት። እኔ ግን ዓይኔን ከበረንዳዋ ጥግ አላነሳሁም።

በበረንዳዋ ጥግ፣ ከሲሚንቶው ሥር፣ ጉድጓድ ነበረ። የጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ብዮቼን ከወንድሜ ልደብቅ በእንጨት ቆፈርሁት። ያሰፋው ግን አርጃኖ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን፣ እንሽላሊት የመሰለ፣ ምላሱ እንደ እባብ የተሰነጠቀ። አንድ ቀን ጭራው ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ለወንድሜ ለአዱኛ ብነግረው ሳቀብኝ።

«አንተ ፈሪ! አርጃኖ አንዴ ከነከሰ መብረቅ ካልጮኸ አይለቅም።»

«አሁን እኮ በጋ ነው» አልሁት።

«እንግዲህ እስከ ክረምት ተሸክመኸው ትዞራለሃ!»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንዲት ደመና እንኳ የለችም። ለአባቴ እንዳልነግረው «ሲሚንቶዬን ማን ቦረቦረው?» ማለቱ ነው፤ አለንጋው ደግሞ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ቤት ሠሪው ከመሸንቲ የመጡ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ በረንዳው ላይ አንድ ጣሳ ውሃ ደፍተው ወዴት እንደሚፈስ አዩ። «በረንዳ ለዝናብ ተብሎ የዘመመ ነው፤ ሰው ቢተኛበት ይንከባለላል። ታችኛውን ጥግ በድንጋይና በአፈር ሞልተን እናቅናው» አሉ። ታችኛው ጥግ የኔው ጉድጓድ ያለበት ነው። ያን አውሬ ከነነፍሱ ከመኝታዬ ሥር ሊቀብሩት! ሌሊት ሌሊት ወደ ጀርባዬ ሲቆፍር ታየኝ።

ድንጋይ ተሸክመው ወደ ጥጉ ሲመጡ ፊታቸው ቆሜ አለቀስሁ። ድንጋዩን አስቀምጠው ቁጢጥ አሉ። ሁሉንም ነገርኋቸው፣ የመብረቁንም ጭምር። አልሳቁም። «በል፣ ከእናትህ አመድ አምጣልኝ» አሉና በጉድጓዱ አፍ ላይ በስሱ ነሰነሱት። «አመድ አይዋሽም። መግባት መውጣቱን ነገ እናነበዋለን።»

ማታ አባቴ «ምነው ሥራው ቆመ?» ሲላቸው «ጭቃው ገና አልቦካም» አሉ። ጭቃውማ ከነጭዱ ቦክቶ ግቢውን ሁሉ አግምቶት ነበር።

በማግስቱ ጥዋት የጥፍሩ ፈለግ ወደ ውስጥ ያመለክታል። እሳቸው አመዱን እንደገና አስተካክለው «ጭቃው ዛሬም አልቦካም» አሉ። በሦስተኛው ቀን ጥዋት ፈለጉ ወደ ውጭ ዞሯል፤ የጭራው መስመር መሐሉን ሰንጥቆ ወደ ሐይቁ። ፊደል ሳልቆጥር መጀመሪያ ያነበብሁት ጽሑፍ እሱ ነው።

ከዚያ ክንዳቸውን እስከ ትከሻ ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱት። ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ መዳፋቸው ላይ ብዮቼ ነበሩ። «ተከራይህ ለቋል፤ የቤት ኪራዩን ይኸው ትቶልሃል» አሉኝ። የመጀመሪያዋን ድንጋይ እኔ እንዳስገባ አደረጉኝ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አላወቀም።

የዛሬዎቹ ግንበኞች ቀይ መብራት በሚተፋ መሣሪያ ይለካሉ። ሐይቁ ዳር አስፋልት ሆኗል፤ አርጃኖም ካየሁ ስንት ዘመኔ። ታችኛው ጥግ ላይ ቆሜ አልነቃነቅ ብላቸው አንዱ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።

«አመድ ይኖራል?» አልሁት።

ሳቀ። በኤሌክትሪክ በሚበሰልበት ቤት አመድ ከየት ይምጣ? እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ፍርሃቴ ግን አለ። ይቺ የመጨረሻዋ ክፍሌ እንደሆነች አውቃለሁ፤ ከዚህ ወዲያ የሚመጣውን ደግሞ ቀድሞ የሚያነብልኝ የለም። ቁጢጥ ብሎ «ጭቃው ገና አልቦካም» የሚልልኝ ሰው አማረኝ። የመሸንቲው አያ ደሴ።